ለሽያጭ የሚታደስ ቤት የበጀት ጣሪያ፦ የቂርቆስና የካዛንቺስ ሁኔታ

የካዛንቺስ ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረ የጣሊያን ተቋም ምሕጻረ ቃል፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው። ስሙን ከቤት ግንባታ ያገኘው ይህ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሰፊ ክፍሉ ፈርሷል፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል። ክስተቱ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ቤቱን ለማደስ ለሚያስብ ባለይዞታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ትቷል፤ ለእድሳት የሚወጣው ገንዘብ በምን መንገድና በምን ያህል መጠን ይመለሳል? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የእድሳት በጀት መነሻው የቤቱ ጉድለት ወይም የባለቤቱ ምርጫ ብቻ ሳይሆን የይዞታው ዓይነት መሆን አለበት የሚል ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሕግ የሚተላለፈው በመሬቱ ላይ ያለው ግንባታና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የመጠቀም መብት ነው። ሆኖም ገዢ ለቂርቆስ ቤት የሚከፍለው ዋጋ ለመስቀል አደባባይ፣ ለመሥሪያ ቤቶችና ለትራንስፖርት ያለውን ቅርበት ጭምር ያካትታል። ሼርዊን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረበው ትንታኔ እንደተብራራው፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ የባሕርያቱ ዋጋዎች ጥምር ውጤት ነው። እድሳት የሚለውጠው የግንባታውን ባሕርይ እንጂ የቦታውን አይደለም። ስለዚህ ቦታው ውድ መሆኑ ብቻውን ውድ እድሳትን ትክክለኛ አያደርገውም።

ይዞታና የእድሳት ወሰን

በቂርቆስ ሦስት የይዞታ ዓይነቶችን መለየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች የመጣው የቀበሌ ቤት ነው። ተከራዩ ቤቱን መሸጥ ስለማይችል፣ የሚያወጣው ወጪ በኑሮ ምቾት እንጂ በሽያጭ ዋጋ ሊመዘን አይገባም። ሁለተኛው የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያለው የግል ቤት ነው። እዚህ ላይ በካርታውና በመሬት ላይ ባለው ግንባታ መካከል ያለ ልዩነት የሽያጩን ውል ሊያዘገይ ወይም ሊያፈርስ ስለሚችል፣ የሰነድ ማስተካከያ ወጪ ከሴራሚክና ከቀለም በፊት በበጀቱ መግባት አለበት። ሦስተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ሥርዓት የግል የሆነው ቤቱ ሲሆን ጣሪያው፣ ደረጃውና የውጭ ግድግዳው የጋራ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የፈሰሰ ገንዘብ ደረጃው በፈራረሰ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ሕንፃ ላይ ሙሉ ዋጋውን አያገኝም። ለማኅበሩ የሚዋጣ የጥገና ገንዘብም ከዚህ አንጻር የእድሳቱ አካል ነው።

ስሌቱ

የበጀቱ ጣሪያ የሚገኘው በአንድ አካባቢ ተመሳሳይ ስፋት ባላቸው የታደሰና ያልታደሰ ቤት መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ነው። ለማሳያነት ያህል፣ ያልታደሰው ቤት 6,000,000 ብር፣ የታደሰው 6,600,000 ብር ያወጣሉ እንበል። ልዩነቱ 600,000 ብር ነው። በጀቱ 550,000 ብር ከሆነ የ10 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ብቻ ወጪውን 605,000 ያደርሰዋል፤ ባለቤቱም ይከስራል። 400,000 ብር ከሆነ ግን ለመጠባበቂያ በቂ ቦታ ይኖራል።

የታክሱ ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ የተጣለው ግብር 15 በመቶ ነው። ለባለቤቱ የግል መኖሪያነት ሳይሆን ለኪራይ የተያዘ ቤት ሲሸጥ፣ የማሻሻያ ወጪ በደረሰኝ ከተረጋገጠ ከጥቅሙ ይቀነሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ለ400,000 ብሩ ደረሰኝ ካለ፣ በእድሳቱ ምክንያት የሚጨመረው ግብር በ200,000 ብር ላይ የሚሰላ 30,000 ብር ነው፤ ደረሰኝ ከሌለ በ600,000 ላይ ተሰልቶ 90,000 ብር ይሆናል። ያለ ደረሰኝ በርካሽ የተገዛ ዕቃ በመጨረሻ ውድ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

የመጠባበቂያው አስፈላጊነት በቅርቡ በተግባር ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ ለወራት የተራዘመ እድሳት የምንዛሪ ስጋትንም ይሸከማል። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ አስቀድሞ በአንድ ጊዜ መግዛት፣ በአገር ውስጥ የሚገኘውን ደግሞ በሥራው ቅደም ተከተል ማዘጋጀት ስጋቱን ይቀንሳል። ከሥራዎቹም የሚያፈስ ጣሪያ፣ እርጥበት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ይቀድማሉ፤ ገዢ እነዚህን ካየ ከጥገናው ወጪ በላይ ዋጋ ለማስቀነስ ይደራደራልና።

ቤቱ ባይሸጥስ?

በካዛንቺስ እንደታየው ቤት ከባለቤቱ እጅ የሚወጣው በሽያጭ ብቻ አይደለም። ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለንብረቱ የሚከፈለው ካሳ በመተኪያ ዋጋ፣ ማለትም ግንባታውን እንደገና ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ይሰላል። ስሌቱ በገበያ ላይ የቦታው ተፈላጊነት የሚያስገኘውን ዋጋ አይተካም። የማስለቀቂያ ማስታወቂያ ከደረሰ በኋላ ለተደረገ ማሻሻያም ካሳ አይጠየቅም። ስለዚህ አንድ እድሳት ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ይኖርበታል፤ ቤቱ ቢሸጥ ገዢ ይከፍልበታል ወይ? ቤቱ ቢፈርስ ገማች በሰነድ ያገኘዋል ወይ? በፈቃድ የተሠራ፣ በደረሰኝ የተደገፈና ከመሠረታዊ ጉድለቶች የጀመረ እድሳት ለሁለቱም መልስ አለው። በማንኛቸውም የማይመለሰው ወጪ ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ ለሚኖርባቸው ዓመታት የከፈለው የምቾት ዋጋ ነው፤ በጀቱም ይህንን ለይቶ በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል።