በብረት ላይ የተጻፈ
(ስለ ጥንታዊና ቅርጽ ያላቸው ጠመንጃዎች አሰባሰብ)

ጥንታዊ ጠመንጃ መሰብሰብ ሲባል ገንዘብ የተረፈው ሰው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ጌጥ መስሎ የሚታየን ብዙዎች ነን። በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን ሐረግ የተቀረጸበት፥ ወርቅና ብር የገባበት አሮጌ ጠመንጃ ከጌጥነቱ ይልቅ ጽሑፍነቱ ይበልጣል። ማን እንደ ሠራው፥ ለማን እንደ ተሠራ፥ በማን እጅ እንዳለፈ በገላው ላይ ተጽፎበታልና። ይህን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ ሰው ሰብሳቢ ይባላል፤ ያልቻለው ገዢ ብቻ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጠመንጃ እንይ። በፈረንሳይ አገር በኖርማንዲ፥ ሊዝዮ በምትባል ከተማ፥ የለ ቡርዧ ወንድማማቾች የሥራ ቤት ነበራቸው። ከእነርሱ አንዱ ማረን ሠዓሊም የእጅ ባለሙያም ስለ ነበረ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1608 በሉቭር ቤተ መንግሥት ማደሪያ ሰጠው። በዚያን ዘመን የመኳንንት ጠመንጃ እሳት የሚያገኘው በቁልፍ ተጠምዝዞ ከሚሽከረከር የብረት መንኰራኵር ነበር። ዋጋው ውድ፥ አሠራሩም ውስብስብ ነው። በሊዝዮ ግን በመዶሻው መንጋጋ የተያዘ ባልጩት የቆመውን ብረት ሲመታ፥ በዚያው ምት የባሩዱ ማስቀመጫ እንዲከፈትና ፍንጣሪው እንዲገባበት ተደረገ። የዓለም ሠራዊት ወደ 200 ዓመት ያህል የተዋጋው በዚህ ዘዴ ነው።

ከዚያ ሥራ ቤት ከወጡት አንዱ በ1615 ገደማ ለሉዊ 13ኛ የተሠራ ነው። የንጉሡ የስም ምልክት ከነዘውዱ ተቀርጾበታል፤ በእንጨቱም ላይ 134 የሚል ቁጥር ታትሞበታል። ሉዊ 13ኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ጠመንጃ ወዳጅ ስለ ነበረ ትልቅ የመሣሪያ ክምችት ትቶ ሞተ፤ ቁጥሩም የንጉሡ ግምጃ ቤት የመዝገብ ቁጥር ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1789፥ ባስቲል በተያዘ ዋዜማ፥ የፓሪስ ሕዝብ የንጉሡን ዕቃ ቤት ሰብሮ መሣሪያ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ የነገሥታቱ ጠመንጃ በየሰው እጅ ተበተነ። ቁጥር 134 ግን በ1972 ለንደን ላይ በሶዝቢ ሐራጅ በ125,000 ፓውንድ ተሸጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአንድ ጠመንጃ ይህን ያህል የከፈለ አልነበረም። ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ጠመንጃውን ከመዝገቡ ጋር ያገናኘው በእንጨት ላይ የታተመ ትንሽ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ፤ ወርቁ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ቅርጹ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ነው። ቀላሉ በሹል መቅረጫ ብረቱን እየፈለፈሉ መሥመር ማውጣት ነው። ወርቅ ሲጨመር ግን ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው የብረቱን ገጽ በጥቃቅን ጭረት እንደ ሞረድ አሻክሮ ቀጭን የወርቅ ክር በላዩ በመዶሻ ማጣበቅ ነው። ወርቅ ይቆጥባል፤ ነገር ግን እጅ ሲበዛበት ይለቃል፥ ከሥሩም ጭረቱ ብቅ ይላል። ሁለተኛው ጠባብ ቦይ ቆፍሮ፥ የቦዩን ሥር ከአፉ ይልቅ ሰፋ አድርጎ፥ ወፍራም የወርቅ ሽቦ መክተት ነው። ወርቁ ሲመታ ተዘርግቶ ከሥር ይነክስና እንደ ጥርስ ተተክሎ ይቀራል። የሙኒኮቹ የሳዴለር ወንድማማቾች ደግሞ ብረቱን እንደ ሐውልት ጠርበው፥ መደቡን በወርቅ ለብጠው፥ ምስሎቹን ሰማያዊ አድርገው ይተዉት ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ የሚበልጥ አልተሠራም።

ሐሰተኛም ሞልቷል። በኢጣልያ በብሬሻ አጠገብ ይሠራ የነበረው የላዛሪኖ ኮሚናዞ አፈሙዝ ዝናው ስለ ወጣ፥ ሌሎች ሠሪዎች ስሙን በየራሳቸው አፈሙዝ ላይ ይቀርጹ ነበር፤ አንዳንዶቹ ፊደሉን እንኳ አላስተካከሉም። የሐረጉም ዓይነት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በ1600ዎቹ ፈረንሳውያን የንድፍ መጻሕፍት እያተሙ ያወጡ ስለ ነበር፥ የፓሪሱን ሐረግ የሌላ አገር ቀራጭ አይቶ ይቀርጸው ነበርና። ከሐሰተኛው የከፋው ግን ጽዳት ነው። ብረቱ ይብራልኝ ብሎ በአሸዋ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ቀጭኑን መሥመር፥ የሠሪውን ማኅተምና ቁጥሩን አብሮ ይፍቃል። በኋላ ሌላ ቀራጭ ተቀጥሮ መሥመሩን ቢያጠልቀው እንኳ የሚነበበው የሁለተኛው ሰው እጅ ነው።

ቁጥር የሚያወራውን ያህል ሌላ ነገር ላያወራ ይችላል። አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት በወርቅ ያስጌጣቸው ሁለት ሽጉጦች አሉ፤ ቁጥራቸው 12406 እና 12407 ነው። የመጀመሪያውን ለቱርኩ ሱልጣን ለአብዱል መጂድ፥ ሁለተኛውን ለሩሲያው ንጉሥ ለኒኮላስ ቀዳማዊ ሰጠ። ሁለቱ መንግሥታት በዚያው ጊዜ በክሪምያ ጦርነት ይዋጉ ነበር! የነጋዴ ነገር ይህ ነው። ዛሬ አንዱ በኒው ዮርክ፥ ሌላው በሌኒንግራድ ይባል በነበረው በሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። በ1814 ናፖሊዮን ከዙፋኑ ሲወርድ ሊሞትባቸው አስቦ ነበር የሚባሉ፥ በወርቅና በብር ያጌጡ ሁለት ሽጉጦች በሐምሌ 2024 በፎንተንብሎ በ1.69 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጡ። ከሽያጩ አስቀድሞ የፈረንሳይ መንግሥት ሽጉጦቹ የአገር ቅርስ ናቸው ብሎ ከአገር እንዳይወጡ ከለከለ። ገዢው ገዛ፥ አገሩ ግን አለቀቀም።

የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ታሪክ ከዚህ ጋር አስተያዩት። በ1862 ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦች አመጣላቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን የገደሉት በዚሁ ስጦታ ነው። ጋዜጠኛው ሄንሪ ስታንሊ ከጦሩ ጋር ነበረ፤ እርሱ እንደ ጻፈው፥ ሽጉጡን ያነሡት ወታደሮች በላዩ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ ንግሥቲቱ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገለት በጎ ነገር ለቴዎድሮስ ያበረከተችው መሆኑን ይገልጻል። የወደቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ያስረዳቸው እንግዲህ የተቀረጸ ፊደል ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ የመቅደላ ምርኮ በደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ፤ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ነበር። ይህም መሰብሰብ ይባላል። በ2021 እንኳ የመቅደላ ዕቃ በእንግሊዝ አገር በዶርሴት ለሐራጅ ወጥቶ፥ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስለ ጠየቀ ከሽያጭ ተነሣ፤ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ገዝቶም ለኤምባሲው አስረከበ።

ተማሪ ጠመንጃ አይሰበስብም፤ ኪሱም ሕጉም አይፈቅዱለትም። ጽሑፉን ግን ሊሰበስብ ይችላል። ለዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትወርዱ በአያቶቻችሁ ቤት አሮጌ ጠመንጃ ካለ፥ በመጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥላችሁ። ከዚያ ስስ ወረቀት በቅርጹ ላይ ዘርግታችሁ በእርሳስ ጐን ፈተግ ፈተግ አድርጉት፤ ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን፥ የማን እንደ ነበረና ከየት እንደ መጣ ሽማግሌው የሚሉትን ከሥሩ ጻፉ። በእንቁላል ክብ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካገኛችሁ ጠመንጃው በቤልጅግ በሊዬዥ ተፈትኗል ማለት ነው። ከክቡ በላይ ዘውድ ካለበት ከ1893 ወዲህ፥ ከሌለበት ከዚያ በፊት የተፈተነ ነው። በውጅግራ ጐን የምታነቡት 1874 ግን አያሳስታችሁ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር የመጣ ነው፤ ቁጥሩም ሞዴሉ የጸደቀበት ዓመት እንጂ ያ ጠመንጃ የተሠራበት አይደለም። የተሠራበትን ዓመት አፈሙዙ ላይ ፈልጉ።