ኢስቴት ሴል እንዴት ይሠራል?

ቅዳሜ ጠዋት እንጀራና በርበሬ ለመግዛት ስትወጡ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን በአሌክሳንድሪያ፣ መታጠፊያው ላይ ቀስት የተሣለበት ሰሌዳ ሣር ላይ ተተክሎ ሳታዩ አልቀራችሁም። «ኢስቴት ሴል» ይላል። ብዙ ሰው ያርድ ሴል መስሎት ያልፈዋል።

ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ያርድ ሴል ማለት ባለቤቱ የተረፈውን ዕቃ ደጅ አውጥቶ ሲሸጥ ነው። ኢስቴት ሴል ላይ የሚሸጠው የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ ነው። ገዢው ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና፣ ቤዝመንትና ጋራዥ ድረስ እየገባ የወደደውን ካለበት ያነሣል።

የቤቱ ባለቤት አርፈው ሊሆን ይችላል፤ ወይም በዕድሜ ገፍተው ወደ መጦሪያ ወይም ወደ አነስተኛ ቤት ተዛውረው ይሆናል። ልጆቹ የሚፈልጉትን ከወሰዱ በኋላ የቀረውን እንዲሸጥላቸው አንድ ድርጅት ይቀጥራሉ። ድርጅቱ ዕቃውን ለይቶ፣ ዋጋ ለጥፎ ይሸጣል፤ ለድካሙም ከሽያጩ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይወስዳል።

ሽያጩ በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይቆያል። የመጀመሪያው ቀን የተለጠፈው ዋጋ ይጸናል። በሁለተኛው ቀን ብዙ ጊዜ 25 በመቶ ይቀነሳል፤ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ግማሽ ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፤ ታዲያ ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ምክንያቱ ቤቱ ነው። ቤቱ ራሱ ሊሸጥ ወይም ለአከራዩ ሊመለስ ስለሆነ እስከተወሰነ ቀን ድረስ ባዶ መሆን አለበት። ያልተሸጠውን ቁም ሣጥን የሚያወጣና የሚጭን ሰው ገንዘብ ይጠይቃል። ዓርብ ዕለት 200 ዶላር የነበረው ቁም ሣጥን እሑድ ማታ ለቤተሰቡ ወጪ ይሆናል ማለት ነው። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ጠዋት ከዋጋዋ ፍንክች አትልም፤ ሲመሽ ግን የተረፈውን ተሸክማ መመለስ ስላለባት ምርቃት ጨምራ ትሰጣለች። ኢስቴት ሴልም በዚሁ ሂሳብ ይሄዳል።

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። የምትፈልጉትን አንድ ዕቃ ጻፉና ከጎኑ ሦስት ዋጋ አስቀምጡ፦ 200፣ 150፣ 100። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ዕቃ ሌላ ስንት ሰው ይፈልገዋል? ወርቅ፣ ንጹሕ ብር፣ የእጅ መሣሪያና የቆየ መጥበሻ ብዙ ፈላጊ ስላላቸው የመጀመሪያውን ጠዋት አያልፉም። ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ፣ ብፌ፣ ሙሉ የሸክላ ሳህን ስብስብና መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያሉ። አዲስ ቤት ለሚያደራጅ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው አብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በር ላይ ቁጥር ይታደላል። ቤቱ የሚይዘው ሰው የተወሰነ ስለሆነ በቁጥር ተራ ጥቂት ጥቂት ሰው እያደረጉ ያስገባሉ። ነጋዴዎች ጎሕ ሳይቀድ መጥተው ይሰለፋሉ። ሻጮቹ የዕቃውን ፎቶ ቀደም ብለው ኢንተርኔት ላይ ስለሚያወጡ ማታውኑ አይታችሁ የምትሄዱበትን ክፍል ምረጡ። በሩ ሲከፈት በቀጥታ ወደዚያ ሂዱ፤ ሌላውን ተመልሳችሁ ታዩታላችሁ።

የተለጠፈው ዋጋ በአብዛኛው ስለ ቀኑ ይነግራችኋል። ስለ ዕቃው የሚመሰክረው ዕቃው ራሱ ነው። ዕቃውን የመመርመሪያውን መንገድ ደግሞ እዚሁ ቤታችሁ ልትለማመዱት ትችላላችሁ።

ከማንኪያ እንጀምር። ኩሽና ገብታችሁ አንድ በረዶ በአሉሚኒየም ድስት ክዳን ላይ፣ ሌላ በረዶ በፕላስቲክ ሳህን ላይ አስቀምጡ። በረዶውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሁለቱንም በእጃችሁ ንኩ፤ ክዳኑ ይበልጥ የቀዘቀዘ ይመስላል። በረዶው ቶሎ የሚቀልጠው ግን በዚያው ቀዝቃዛ በመሰለው ክዳን ላይ ነው። አሉሚኒየም ሙቀት ስለሚያስተላልፍ የእጃችሁን ሙቀት እንደወሰደ ሁሉ የክፍሉንም ሙቀት ለበረዶው ያቀብላል።

ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀት በማስተላለፍ አንደኛው ብር ነው። ከስቴንለስ ስቲል ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ለዚህ ነው የብር ማንኪያ ትኩስ ሻይ ውስጥ ሲገባ እጀታው ወዲያው የሚግለው። መዳብም ለብር በጣም ስለሚቀርብ በዚህ ፈተና ብቻ አትወስኑ።

ማንኪያውን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። «ስተርሊንግ» ወይም 925 የሚል ማኅተም ካለበት 92.5 በመቶው ብር ነው። «ኢፒኤንኤስ» የሚል ከሆነ በላዩ ላይ ስስ የብር ቅብ አለ፤ ከሥሩ ያለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው። ቅቡም ማንኪያ ቢሆን ለቤት ያምራል፤ ዋጋው ግን የቅብ ዋጋ መሆን አለበት።

ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ብር፣ መዳብና ነሐስ ማግኔት አይዛቸውም። ነሐስ የሚመስል የመብራት እግር ማግኔቱን ጥብቅ ካደረገው ውስጡ ብረት ነው። ማግኔቱ አልያዘም ማለት ግን ዕቃው ብር ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ስቴንለስም አይያዝም። ማግኔት ውሸቱን ያጋልጣል እንጂ እውነቱን አያረጋግጥም።

ወደ መጥበሻው እንለፍ። የድሮ ካስት አይረን መጥበሻ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ዝጎ ይገኛል። ከጀርባው «ግሪስወልድ» ወይም «ዋግነር» የሚል ካያችሁ በፔንሲልቬኒያና በኦሃዮ ከተሠሩት ዝነኛ መጥበሻዎች አንዱ ነው፤ የድሮዎቹ ውስጣቸው ስለተላገ ልስልስ ያለ ነው።

ዝገት አያስፈራችሁ፤ የሚያስፈራው ስንጥቅ ነው። መጥበሻውን በእጀታው አንጠልጥላችሁ በእንጨት ማንኪያ መታ አድርጉት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል። ቀጥሎ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ጠርዙን ጫን በሉት፤ የሚንገዳገድ ከሆነ ተጣሟል። አንዳንድ ሰው በዚህ መጥበሻ እርሳስ ያቀልጥበት ስለነበር ጋራዥ ውስጥ ያገኛችሁትን በእርሳስ መመርመሪያ ሳትፈትሹ ምግብ አትሥሩበት።

ዝገቱን በብረት ሱፍ ፍቃችሁ ካጠባችሁና በደንብ ካደረቃችሁ በኋላ ስስ ዘይት ቀቡት፤ ትርፉንም ጠርጉ። ኦቭን ውስጥ ደፍታችሁ በ450 ፋራናይት አንድ ሰዓት አቆዩት። ይህን ሥራ እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ አዲስ ምጣድ በተወቀጠ ጎመን ዘር የሚያሟሹት ለዚህ ነው። ዘይቱ በኃይለኛ ሙቀት እርስ በርሱ ተያይዞ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ምግቡም አይጣበቅም።

አሁን የኮሞዲኖውን መሳቢያ ሳቡና የፊቱ እንጨት ከጎኑ ጋር የተገጠመበትን ማዕዘን እዩ። ጥሩ የእንጨት ሥራ ከሆነ ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለ ጥርስ ተፈልፍሎ ታገኛላችሁ። ጥርሶቹ እኩል ካልሆኑ በእጅ የተቆረጡ፣ አንድ ዓይነት ከሆኑ በማሽን የተቆረጡ መሆናቸውን መገመት ይቻላል። ሚስማርና ሙጫ ብቻ ካያችሁ ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት።

ብልሃቱን ለማየት ካርቶን ቁረጡ። በአንዱ ቁራጭ ጫፍ ላይ ቀጥ ያለ ጥርስ፣ በሌላው ላይ ጫፉ ሰፋ ያለ ጥርስ አውጡ። ለእያንዳንዱ ልክ የሚሆን ክፍተት በሌላ ካርቶን ጠርዝ ላይ ቁረጡና ጠረጴዛ ላይ አግጥማችሁ ሳቡ። ቀጥ ያለው ሸርተት ብሎ ይወጣል፤ ሰፊው አይላቀቅም። መሳቢያ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሳብ አስቡት። ሙጫው ቢለቅ እንኳ ቅርጹ ይይዘዋል።

ርካሽ ቢሆኑም የሚታለፉ ዕቃዎች አሉ። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የሕፃን አልጋ አትግዙ፤ ሕፃናትን ለሞት በመዳረጉ ከሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ መሸጥ ተከልክሏል። ታሪኩ የማይታወቅ የሕፃን የመኪና ወንበርም ይቅር። ፍራሽና ሶፋ ላይ የስፌቱን መስመር በስልካችሁ መብራት ተከትላችሁ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ትኋን ሊሆን ስለሚችል ተመለሱ። የቆየ ባለ ቀለም ሳህን በቅቡ ውስጥ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ ደግሞ እርሳሱን ያወጣዋል። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ለጌጥ ብቻ አስቀምጡት።

አንዴ የተገዛ አይመለስም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት። ትልቅ ዕቃ ከፈለጋችሁ የቤታችሁን በር ለክታችሁ ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚሸከም ሰውና መኪናም የእናንተ ነው። ካርድ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ካሽ ግን ለድርድር ያግዛል። የመጀመሪያው ቀን ብዙም አይቀንሱም፤ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ግን ዕቃዎቹን ሰብሰብ አድርጋችሁ «ለዚህ ሁሉ በአንድ ላይ ስንት ትሉናላችሁ?» በሉ።

የሟች ዕቃ መግዛት የሚከብደን ሰዎች አለን። እኛ ለቅሶ ቤት የምንገባው ለማጽናናት ነው፤ እዚህ ግን እንግዳ ሰው መሳቢያ ይከፍታል። ቢሆንም ያ መጥበሻ ባይገዛ ኖሮ ምናልባት ቆሻሻ ይጣል ነበር፤ የተሠራለትን ሥራ መቀጠሉ ለባለቤቱም ክብር ነው። የቤተሰቡ አባል ከጎናችሁ ቆሞ ሊሆን ስለሚችል የቤቱን ዕቃ አታናንቁ። መሳቢያ ውስጥ ደብዳቤ፣ ሰነድ ወይም ገንዘብ ካገኛችሁ ለሻጮቹ አስረክቡ።

በአንዳንዱ ቤት ደግሞ የአገራችሁን ዕቃ ልታገኙ ትችላላችሁ። የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ አስተምረዋል፤ አስመራ በነበረው የቃኘው ጣቢያም እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ አሜሪካውያን ወታደሮች ነበሩ። ሲመለሱ የብር መስቀል፣ መሶብ፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ የተሣለበት ቆዳ ይዘው የሄዱ ብዙ ናቸው። የድሮ መስቀል ብዙ ጊዜ ከማርትሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው፤ የማርትሬዛ ንጽሕና 83.3 በመቶ ስለሆነ 925 የሚል ማኅተም አትፈልጉበት።

ዋጋ የሚለጥፈው ሰው የሚያውቀው የሚያየውን ብቻ ነው፤ ማኅተም፣ ክብደት፣ ተመሳሳይ ዕቃ በቅርቡ የተሸጠበት ዋጋ። ማን እንደሠራው፣ ለማን ሠርግ እንደተሰጠ ካልተጻፈ መስቀሉ «የአፍሪካ ጌጥ» ተብሎ በጥቂት ዶላር ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ ገበያ የምንማረውን ለራሳችን ቤት እናውለው። ዛሬ ማታ ከእናታችሁ የመጣውን ጀበና ወይም መሶብ አንሡና ከማን እንደመጣ፣ የት አገር እንደተሠራ በአንድ ትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከሥሩ ለጥፉ። ልጆቻችሁ በሚያነቡት ቋንቋም ጨምራችሁ ጻፉ፤ አንድ ቀን ያንን ዕቃ የሚያነሡትና ይቀመጥ ወይም ይሸጥ የሚሉት እነሱ ናቸው።