የነፋስ ኃይልና የማኅበረሰብ ድርሻ፦ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ምን ትርጉም አለው?

ነፋስ ለመካነ ሰላምና ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢዎች ነዋሪ እንግዳ አይደለም። ገበሬው በአውድማው ላይ ምርቱን ከገለባ የሚለየው በነፋስ ነው። ይኸው ነፋስ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል። ይሁን እንጂ አስቀድመው ምላሽ የሚሹ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ነፋሱ ምን ያህል ብርቱ ነው? የሚገኘው ጥቅምስ የማን ይሆናል?

ልኬት ይቀድማል

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍሰው ወደ 6 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ ጉልበቱ በ70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት አንዱ ተረተር ለማመንጫ ሲመች አጠገቡ ያለው ላይመች ይችላል። ቦታው የሚመረጠው በግምት ሳይሆን ከፍ ያለ ማማ ተተክሎ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሚካሄድ ልኬት ነው። ከፍታም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በ2 ሺህ 600 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ በእኩል ፍጥነት የሚገኘው ጉልበት በዚያው መጠን ያንሳል። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለመሰል ጥናት ቅርብ ተቋም ነው።

ከአዳማና ከአሸጎዳ የሚገኝ ትምህርት

በሀገራችን አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ በ2006 ዓ.ም የተመረቀው አሸጎዳ ደግሞ 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ሁሉም የመንግሥት ንብረቶች ናቸው። በነፋስ ማመንጫ ሥፍራ መሬት የሚይዙት በዋናነት የተርባይኖቹ መሠረትና የመዳረሻ መንገዶች በመሆናቸው፣ በመካከል ያለውን ማሳ ማረስና ከብት ማሰማራት ይቻላል። ሆኖም መሬቱን የሚለቅ ገበሬ ካሳውን የሚቀበለው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ ተርባይኑ ግን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያመነጫል። የባለቤትነት ጥያቄ የሚነሣውም ከዚህ ልዩነት ነው።

የሌሎች ሀገራት ተሞክሮ

በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሀገን አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገነባው ሚድልግሩንደን 20 ተርባይኖች ሲኖሩት፣ ግማሹ ከ8 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ሆኖ ተቋቁሟል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረችው መርሐ ግብር፣ ጨረታ የሚያሸንፉ ኩባንያዎች በማመንጫው ዙሪያ ለሚኖረው ማኅበረሰብ ቢያንስ 2.5 በመቶ የባለቤትነት ድርሻ እንዲሰጡ አስገድዳለች።

ሕጉ የከፈተው በር

በኢትዮጵያ የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች ከኢንቨስትመንቱ አክሲዮን ሊይዙ የሚችሉበትን ዕድል አስቀምጧል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ደግሞ ነዋሪዎች ገንዘባቸውን አቀናጅተው በጋራ የሚሠሩበትን ማዕቀፍ ይሰጣል። ይሁንና አክሲዮን ትርፍ ብቻ ሳይሆን ኪሳራም ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም አንድ አልሚ ወደ አካባቢው ሲመጣ፣ ልኬቱ በማን እንደተካሄደ፣ ኃይሉ በስንት ዋጋ እንደሚሸጥ፣ የማኅበረሰቡ ድርሻ ስንት እንደሆነና በማን እንደሚተዳደር መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ለመጠየቅ የተሻለው ጊዜ መሬቱ ከመተላለፉ በፊት ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ የመደራደር አቅም ይጠብባል።