የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውድድርና ደንቦቹ

ተማሪዎች፣ በሠፈራችሁ ዕቁብ ሲጣል ሳታዩ አልቀራችሁም። የመጀመሪያው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ዳኛውና ጸሐፊው ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ዕቁብተኛ በየስንት ቀኑ ምን ያህል እንደሚጥል፣ ያልጣለ ሰው ምን እንደሚደርስበት፣ ዕጣ የወጣለትም ሰው ዋስ መጥራት እንዳለበት አስቀድሞ ይነገራል። ደንቡ ገና ከመጀመሪያው የታወቀ ስለሆነ ዕጣው ለማንም ይውጣ ለማን የሚያጉረመርም አይኖርም። እንግዲህ ደንብ ማለት ነገሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚዘገይ ገና ሳይታወቅ፣ ሰዎች የሚስማሙበት ቃል ነው።

ይህ ምንባብ የአንድ ውድድርን ደንብ ያስረዳችኋል። ውድድሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ነው። ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚወዳደር አይጠፋምና ደንቡን ከአሁኑ ማወቅ ይጠቅማል። ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛው፣ መወዳደር የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እና»፣ «ወይም»፣ «አለበት»፣ «ይችላል» የሚሉት ቃላት በደንብ ውስጥ የሚይዙት ክብደት ነው።

፩. የውድድሩ ምንነትና አመጣጥ

ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተር አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጽም የሚጻፍለት የትእዛዝ ዝርዝር ነው። በውድድሩ ላይ ለተማሪዎች ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ተማሪዎቹም እያንዳንዱን ጥያቄ የሚፈታ ፕሮግራም ይጽፋሉ።

የጥያቄውን ዓይነት ለመረዳት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ከቡታጅራ ተነሥቶ በመስቃን ያሉ መንደሮችን እየዞረ በርበሬ ይሰበስባል እንበል። ሁሉንም መንደሮች አንድ አንድ ጊዜ አዳርሶ ለመመለስ አጭሩ መንገድ የትኛው ነው? መንደሮቹ 5 ቢሆኑ የአካሄዱ ቅደም ተከተል በ120 መንገድ ሊደረደር ስለሚችል ሁሉንም መሞከር አያስቸግርም። መንደሮቹ 10 ሲሆኑ ግን ቁጥሩ 3,628,800 ይደርሳል። መንደሮቹ 20 ከሆኑ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን በሚሊዮን፣ እንደገናም በሚሊዮን ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ይበልጣል። በጣም ፈጣን የሆነ ኮምፒዩተር እንኳ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ልሞክር ቢል በተፈቀደለት ጥቂት ሴኮንድ ውስጥ አይጨርስም። ስለዚህ ተወዳዳሪው አቋራጭ ዘዴ መፈለግ አለበት። የውድድሩ ቁም ነገር ይህን ዘዴ በሐሳብ ማግኘት ነው፤ ዘዴው ከተገኘ በኋላ ትእዛዙን ጽፎ መጨረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው የፍጻሜ ውድድር የተካሄደው በ1977 በአትላንታ ከተማ ነበር። ከዚያም እየሰፋ ሄዶ ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚካፈሉበት ዓለም አቀፍ ውድድር ሆነ። የዓለም ፍጻሜው በአፍሪካም ተካሂዷል፤ በ2015 በሞሮኮ፣ በማራካሽ ከተማ፣ በ2024 ደግሞ በግብፅ፣ በሉክሶር ከተማ ተደርጓል።

አንድ ቡድን የዓለም ፍጻሜ ላይ የሚደርሰው በደረጃ ነው። በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲዎች አገር አቀፍ ውድድር ይካሄዳል። በዚህ ውድድር የላቀ ውጤት ያገኙ ቡድኖች የአፍሪካና የዐረብ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ወደሚገናኙበት የክፍለ ዓለም ማጣሪያ ያልፋሉ። በዚያ ደግሞ ቀዳሚ የሆኑት ለዓለም ፍጻሜ ይመረጣሉ። በአንድ የዓለም ፍጻሜ ላይ ግን አንድን ዩኒቨርሲቲ የሚወክለው አንድ ቡድን ብቻ ነው።

፪. መወዳደር የሚችለው ማን ነው?

አንድ ቡድን ሦስት ተማሪዎች ይኖሩታል። ሦስቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆን አለባቸው፤ ዩኒቨርሲቲውን የሚወክል አሠልጣኝም ይኖራቸዋል። ለምሳሌ ሁለት የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብሮ አደግ ቢሆኑም እንኳ አንድ ቡድን ሊሆኑ አይችሉም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ደግሞ ቀጥሎ የተዘረዘሩትን በሙሉ ማሟላት ይኖርበታል።

ሀ) በሚወክለው ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ የተመዘገበ፣ ከመደበኛው የትምህርት ጫናም ቢያንስ ግማሹን የሚከታተል መሆን አለበት።

ለ) በአንድ የውድድር ዘመን የሚወክለው አንድ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ነው።

ሐ) ከዚያ በፊት በሁለት የዓለም ፍጻሜዎች የተወዳደረ መሆን የለበትም።

መ) ከዚያ በፊት በአምስት የውድድር ዘመናት የክፍለ ዓለም ማጣሪያ የተወዳደረ መሆን የለበትም።

ሠ) ከፍተኛ ትምህርት የጀመረበት ዓመት ወይም የተወለደበት ዓመት ደንቡ ከወሰነው ዓመት ወዲህ መሆን አለበት።

ከ«ሀ» እስከ «ሠ» ያሉት አንቀጾች በ«እና» የተያያዙ ናቸው። ይኸውም አራቱን አሟልቶ አንዱን ያላሟላ ተማሪ መወዳደር አይችልም ማለት ነው። በአንቀጽ «ሠ» ውስጥ ያለው ቃል ግን «ወይም» ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ዓመታት አንዱ ብቻ ቢሟላ ይበቃል። ይህች አንዲት ቃል ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ቀጥሎ በምሳሌ እንመልከት።

በ2019 እ.ኤ.አ. ለተካሄዱት የክፍለ ዓለም ማጣሪያዎች ደንቡ የወሰነው እንዲህ ነበር። ተወዳዳሪው ከፍተኛ ትምህርት የጀመረው በ2015 ወይም ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት፤ ወይም የተወለደው በ1996 ወይም ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። እነዚህ ዓመታት በየውድድሩ ዘመን ወደፊት ይገፋሉ።

አሁን አንድ የመስቃን ገጠር ልጅ በ1986 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ10 ዓመቱ፣ በ1996 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ገባ። ክፍል ሳይደግም 12ኛ ክፍልን በ2007 ዓ.ም. ጨረሰ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ማለትም በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲ ገባ። በልደቱ ቢታይ ከተወሰነው ዓመት ስለሚቀድም አያልፍም። በትምህርት ዘመኑ ሲታይ ግን ያልፋል። በደንቡ ውስጥ «ወይም» በሚለው ቃል ምትክ «እና» ቢገባ ኖሮ ይህ ልጅ ዘግይቶ ትምህርት ቤት በመግባቱ ብቻ ከውድድሩ በቀረ ነበር። «ወይም» የሚለው ቃል ግን ችሎታው እንጂ ዘግይቶ መጀመሩ እንዳይመዘን አድርጎለታል።

እዚህ ላይ ስለ ዘመን አቆጣጠር ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደንቡ የሚጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «1996» ሲል የእኛን 1996 ዓ.ም. የሚመስለው ሰው በስምንት ዓመት ያህል ይሳሳታል። የአውሮፓውያን 1996 የገባው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በኅዳር 1988 የተወለደና በጥር 1988 የተወለደ ሁለት ልጆች በእኛ አቆጣጠር የአንድ ዓመት ልጆች ሲሆኑ በደንቡ ግን የሁለት ልዩ ልዩ ዓመታት ልጆች ናቸው።

በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት ተማሪ ቢኖርስ? ለእርሱም መንገድ አለ። አሠልጣኙ ምክንያቱን ገልጾ የመወዳደሪያው ጊዜ እንዲራዘምለት ማመልከት ይችላል። «ይችላል» የሚለውን ቃል አስተውሉ። ማመልከት መብት ነው፤ መፍቀድ ወይም አለመፍቀድ ግን የውድድሩ ኃላፊዎች ድርሻ ነው።

አንቀጽ «ሐ» እና «መ» ምን ፋይዳ አላቸው? በሁለት የዓለም ፍጻሜዎች የተወዳደረ ሰው ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። በዚህም ምክንያት ውድድሩ በየጊዜው አዲስ ሰው ያገኛል፤ ነባሩም በበኩሉ ያወቀውን ለታናናሾቹ ለማስተማር ጊዜ ያገኛል።

፫. በውድድሩ ዕለት የሚሠራባቸው ደንቦች

ውድድሩ አምስት ሰዓት ይፈጃል። የጥያቄዎቹ ብዛት በአብዛኛው ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ይደርሳል። ጥያቄዎቹ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ፕሮግራሙም እንደ ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ጃቫ፣ ፓይተንና ኮትሊን ባሉ የፕሮግራም ቋንቋዎች ይጻፋል።

ለሦስት ሰዎች የሚሰጠው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። ይህ ደንብ የጥንቱን መቀናጆ ያስታውሳል። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ እንደሚያርሱ ሁሉ፣ ሦስቱ ተማሪዎችም አንዱን ኮምፒዩተር በየተራ ይጠቀማሉ። አንዱ ሲጽፍ ሌላው በወረቀት ያሰላል፤ ሦስተኛው የተጻፈውን እያነበበ ስሕተት ይፈልጋል። ተራውን የማይጠብቅ ወይም የጓደኛውን ሐሳብ የማይሰማ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ቡድኑን ያዳክማል።

በውድድሩ ሰዓት ከቡድኑ ውጭ ካለ ሰው ጋር፣ ከራሱ ከአሠልጣኙም ጋር ቢሆን፣ ስለ ጥያቄዎቹ መነጋገር አይፈቀድም። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ኢንተርኔት መክፈትም ሆነ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መታገዝ አይቻልም። በዓለም ፍጻሜ ላይ ቡድኑ አስቀድሞ ያዘጋጀውን፣ ከ25 ገጽ የማይበልጥ ማስታወሻ መጠቀም ይፈቀድለታል።

አንድ ፕሮግራም ሲጠናቀቅ ለዳኞች ይላካል። ዳኞቹም ተወዳዳሪዎቹ በማያዩዋቸው ልዩ ልዩ ቁጥሮች ይፈትኑትና «ትክክል ነው»፣ «መልሱ ስሕተት ነው»፣ «ከተወሰነው ጊዜ በላይ ፈጀ» እንደሚሉ ባሉ አጫጭር ቃላት ይመልሳሉ። ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አይናገሩም፤ ፈልጎ ማግኘት የቡድኑ ፈንታ ነው። ትክክል ሆኖ ለተገኘ መልስ ግን በቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ባለቀለም ፊኛ ይታሰራል።

፬. ውጤት እንዴት ይሰላል?

ብዙ ጥያቄ የፈታ ቡድን ይቀድማል። የፈቷቸው ጥያቄዎች ብዛት እኩል ከሆነ ትንሽ ደቂቃ የተመዘገበበት ይቀድማል። ደቂቃው የሚቆጠረው ውድድሩ ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እያንዳንዱ ጥያቄ ትክክል እስከተባለበት ጊዜ ድረስ ነው። ትክክል ከመባሉ በፊት ስሕተት ሆኖ ለተመለሰ ለእያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ 20 ደቂቃ ይጨመራል። እስከ መጨረሻው ላልተፈታ ጥያቄ የቅጣት ደቂቃ አይቆጠርም።

ምሳሌ፦ ቡድን «ሀ» ሦስት ጥያቄዎችን በ20ኛው፣ በ65ኛውና በ140ኛው ደቂቃ ፈታ፤ ድምሩ 225 ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ተቻኩሎ ሁለት ጊዜ ስሕተት ልኮ ነበርና 40 ተጨምሮበት 265 ሆነ። ቡድን «ለ» ሦስት ጥያቄዎችን በ35ኛው፣ በ80ኛውና በ130ኛው ደቂቃ ያለ አንድ ስሕተት ፈታ፤ ድምሩ 245 ነው። ስለዚህ ቡድን «ለ» ይቀድማል። ቡድን «ሀ» የተቀደመው ሳያጣራ በመላኩ መሆኑን ልብ በሉ። ቡድን «ሐ» ደግሞ አራት ጥያቄዎችን በጠቅላላው በ600 ደቂቃ ቢፈታ፣ ደቂቃው የቱንም ያህል ቢበዛ ከሁለቱም ይቀድማል።

፭. ከአሁኑ ምን ማድረግ ይቻላል?

«በትምህርት ቤታችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ጥቂት ናቸው፤ ይህ ነገር ለእኛ አይሆንም» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ተማሪ የውድድሩን ደንብ እንደገና ያንብብ። ሦስት ሰዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሲሠሩ የሚበዛው ሥራ የሚሠራው በወረቀትና በእርሳስ ነው። ሒሳብን በጥንቃቄ መሥራት፣ ጥያቄን እስከ መጨረሻው አንብቦ መረዳት፣ መልስን ከመስጠት በፊት ማጣራት፣ ከጓደኛ ጋር ተራ ጠብቆ መሥራት በማንኛውም የዘጠነኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሊለመዱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በ1989 እ.ኤ.አ. በቡልጋሪያ የተጀመረ፣ ተመሳሳይ ጥያቄዎች የሚቀርቡበት ዓለም አቀፍ ውድድር አለ።

በመጨረሻም ይህን አትርሱ። ደንብ የሚያነብ ሰው «እና» ያለበትን በ«ወይም»፣ «ይችላል» የተባለውን በ«አለበት» ቢተካ ወይ የማይገባውን ይጠይቃል፤ ወይ የሚገባውን መብት ሳያውቅ ይቀራል። ከሁለቱም የከፋው የራስን መብት ሳያውቁ መቅረት ነው፤ ያልተነበበ ደንብ የሚያስቀረውን ሰው ማንም አይቶ አይጠራውምና።

መልመጃ

1. በአንቀጽ «ሠ» ውስጥ ያለው «ወይም» በ«እና» ቢተካ ከውድድሩ የሚቀሩት ምን ዓይነት ተማሪዎች ናቸው? አስረዱ።

2. አንድ ቡድን ሁለት ጥያቄዎችን በ50ኛውና በ90ኛው ደቂቃ ፈታ። ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት አንድ፣ ፈጽሞ ባልፈታው ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ደግሞ አራት ጊዜ ስሕተት ላከ። የተመዘገበበት ደቂቃ ስንት ነው?

3. «አለበት»፣ «ይችላል»፣ «አይፈቀድም» በሚሉት ቃላት ስለ ትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

4. በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን የአንድ ዕቁብ ወይም ዕድር ደንብ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ፣ አባል መሆን የሚችለው ማን እንደሆነ የሚያስረዳ የሁለት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።