በአየርላንድ ገጠር የቆመ የድንጋይ መጽሐፍ

አየርላንድን የሚጐበኝ ሰው ከደብሊን ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚገሠግሠው ኒውግሬንጅ ወደሚባለው ጥንታዊ መቃብር ነው። ከዚያ በስተሰሜን፥ ከድሮሄዳ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ የሚገኘውን ሞናስተርቦይስን ግን ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ። እኔ ብጠየቅ ግማሹን ቀን የምሰጠው ለዚህ ነው።

ቦታው ዛሬ መካነ መቃብር ነው። ከጥንቱ ገዳም የቀሩት ጣራ የሌላቸው ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች፥ ጫፉ የፈረሰ ክብ ግንብና ከድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎች ናቸው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1097 ዓ.ም. ግንቡ ሲቃጠል መጻሕፍቱም አብረው ነደዱ። ድንጋዩ ግን ተረፈ።

የሙሬዳክ መስቀል የሚባለው ከ5 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዕድሜውም ከ1,000 ዓመት አልፏል። አዳምና ሔዋን አሉበት፤ ቃየል ወንድሙን ሲገድል ይታያል። በፍርድ ቀን ነፍስ ስትመዘን፥ ዲያብሎስ ከሥር ተንጋሎ ሚዛኑን ለማጋደል ይታገላል! ከአናቱ አጠገብ ደግሞ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ በምድረ በዳ ኅብስት ሲቈርሱ ተቀርጸዋል። በስንክሳር የምናውቃቸውን የግብፅ መናንያን በአውሮጳ ምዕራባዊ ጫፍ ማግኘት፥ ለእኛ አገር ሰው የሩቅ ዘመድ እንደ ማየት ነው።

በአጠገቡ ያለው ሌላው መስቀል ከ6 ሜትር ይበልጣል፤ ነገር ግን ዝናብና ነፋስ ስለ በሉት ብዙዎቹን ምስሎች መለየት ያስቸግራል። መግቢያ አይከፈልም። ለመሄድ የሚያስብ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ይድረስ፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጐን ስለሚመታው የደበዘዘው ቅርጽ ጥላ አውጥቶ ይታያል። ጃንጥላም አይርሳ።