ያገለገለ ኮምፒውተርን በነፃ ሶፍትዌር ለቤት መገልገያነት ማዋል

ሸዋ በር፣ በሐረሪዎች አጠራር አስማዲን በሪ፣ ከሐረር ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። በበሩ አካባቢ ባለው ገበያ የእጅ ባለሙያዎች ያገለገለ ቆርቆሮና ብረት እየቀጠቀጡ ለቤት የሚሆን ዕቃ ይሠራሉ። በግንቡ ውስጥ የሚገኘው መኪና ግርግር የተባለው መንገድም ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ዕቃን ጠግኖና ለውጦ ደግሞ መጠቀም በአካባቢው የቆየ ሙያ ነው። በየቤቱ ጥግ ተሸፍኖ የተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተርም በዚሁ መንገድ ዳግም ሊያገለግል ይችላል። ይህ ማብራሪያ አሠራሩንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ይገልጻል።

ኮምፒውተር ለምን «አረጀ» ይባላል?

ብዙውን ጊዜ የሚያረጀው የኮምፒውተሩ አካል ሳይሆን በላዩ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ለምሳሌ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ስርዓተ ክወና የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በርካታ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን መስፈርት አያሟሉም። የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር የባንክ አገልግሎት መጠቀም ለጥቃት ያጋልጣል። ማሽኑ ግን በሌላ ስርዓተ ክወና ለዓመታት ሊሠራ ይችላል።

ነፃ ሶፍትዌር ማለት ምን ማለት ነው?

ነፃ ሶፍትዌር ማንኛውም ሰው እንዲጠቀምበት፣ አሠራሩን እንዲመረምር፣ እንዲያሻሽልና ለሌላ ሰው እንዲያካፍል በፈቃዱ ላይ የተደነገገለት ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ በስፋት የሚታወቀው ምሳሌ ነው። እንደ ሉቡንቱ ያሉ ቀለል ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ለአሮጌ ኮምፒውተር ይስማማሉ። የግዕዝ ፊደልን ያሳያሉ፤ የአማርኛ መጻፊያም ሊጫንባቸው ይችላል። ፈቃዱ ማባዛትን ስለማይከለክል አንድ ሰው በኢንተርኔት ያወረደውን ቅጂ ጎረቤቶቹ በፍላሽ ወስደው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ይህም ለእያንዳንዱ ቤት የሚወጣውን የኢንተርኔት ወጪ ያስቀራል።

ከመጀመር በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

አንደኛ፣ ጠቃሚ ፎቶዎችና ሰነዶች ወደ ሌላ ማከማቻ ይገለበጣሉ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ይመረመራል። ባለ 64 ቢት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ስርጭቶች ባለ 32 ቢት ኮምፒውተርን አይደግፉም። 2 ጊጋባይት ራም ለቀላል አገልግሎት ይበቃል፤ 4 ጊጋባይት ቢሆን የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፣ ስርጭቱ ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል። በዚህ መንገድ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሳይነኩ ድምፁን፣ ዋይ ፋዩንና ስክሪኑን መፈተሽ ይቻላል። መጫን የሚገባው ሁሉም በአግባቡ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሊሠሩ የሚችሉ የቤት መገልገያዎች

የቤተሰብ ፎቶ ማሳያ፦ ስክሪኑ ደህና የሆነ ላፕቶፕ ፎቶዎችን በተራ እያፈራረቀ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ግድግዳው በስፌት በሚያጌጠው ጌይ ጋር፣ ማለትም በሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ የቆየውን ግድግዳ ሳይበሱ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሙዚቃና የቪዲዮ ማጫወቻ፦ ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ በገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ኮዲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሲጫንበት በቤት የተከማቹ ዘፈኖችንና ፊልሞችን ያጫውታል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቤተ መጻሕፍት፦ ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል። የእንግሊዝኛው ሙሉ ቅጂ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛል፤ የአማርኛው ግን እጅግ ያነሰ ነው። ተማሪዎች ከኮምፒውተሩ ጋር በቤት ዋይ ፋይ በተገናኘ ስልክ ሊያነቡት ይችላሉ።

የልጆች መማሪያና መጫወቻ፦ ጂኮምፕሪ ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጁ ጨዋታዎችን ይዟል። ታክስ ፔይንት ደግሞ ለሥዕል ልምምድ ያገለግላል። ሁለቱም ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይዘጋም።

መደረግ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

• ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም። ከልጆች ርቆ ተቀምጦ ለባለሙያ ይሰጣል።
• የፓወር ሰፕላይና የአሮጌ ወፍራም ሞኒተር ሣጥን አይከፈትም። ገመዱ ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊቆይ ይችላል።
• ቀንና ሌሊት የሚሠራ ኮምፒውተር አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል፤ በጨርቅ አይሸፈንም።
• ወርቅ ወይም መዳብ ለማውጣት ገመድንና ሰሌዳን ማቃጠል መርዛማ ጭስ ይፈጥራል። ጉዳቱ ከአቃጣዩ አልፎ ለጎረቤት ይተርፋል።

ከመሸጥ ወይም ከመስጠት በፊት

ፋይልን መሰረዝ መረጃውን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የተሰረዘ የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ሰነድ ወይም የቤተሰብ ፎቶ በቀላል ሶፍትዌር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ እንደ ኤንዋይፕ ባለ ነፃ ማጥፊያ በሌላ መረጃ እንዲሸፈን ይመከራል። ለኤስኤስዲ ማከማቻ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ይሻላል። ኮምፒውተሩ የማይነሳ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ሊጠገን የማይችለው ክፍል

ከአንዱ ማሽን የተረፈ ራም፣ ሃርድ ዲስክ ወይም ቻርጀር ለሌላው መጠገኛ ይሆናል። ከዚያ የተረፈው ግን እንደ እርሳስ ያሉ ጎጂ ንጥረ ነገሮችን ስለሚይዝ ከተራ ቆሻሻ ተለይቶ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይመራል። የተረፈውን ዕቃ ለማስረከብ የሚፈልጉ ዜጎች የሚኖሩበትን ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል።

ለጀማሪ የሚስማማው አካሄድ አንድ ማሽን ለአንድ አገልግሎት መርጦ መጀመር ነው። የፎቶ ማሳያው ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ቢበላሽም ፎቶዎቹ አስቀድመው ከተገለበጡ የሚጠፋ ነገር አይኖርም።