ምልክቱ የሚጠራው ዜማ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ጉናን ታክኮ ወደ ጋይንት የሚዘልቅ መንገደኛ፣ የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ ከሆነችው ከቤተልሔም ሲደርስ፣ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን እየጠራ የሚነበብበትን ጥበብ በብራና ላይ ያገኘዋል፤ ይህንኑ ጥበብ አሜሪካዊው ቴድ ኔልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሃይፐርቴክስት» ሲል ሰይሞታል።

ድጓ የቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት ሲሆን፣ የዜማ ምልክቱን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት በትውፊት ይነገራል። ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል ከሚጻፉት ከእነዚህ ምልክቶች ውስጥ፣ ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረትና ርክርክ ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር፣ አብዛኞቹ ከሌላ የዜማ ቃል የተወሰዱ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ናቸው፤ አንባቢውንም «ይህን ቃል ያኛውን ባዜምህበት ዜማ አዚመው» ይሉታል። ስለዚህ አንዱን መስመር በሚገባ ለማዜም ሌላውን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፤ ተማሪውም ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ እየጻፈ፣ ዓመታት የሚፈጅበት ስለዚህ ነው።

ወደ ሃይፐርቴክስት ስንመለስ፣ በልብ ወለድ በኩል ከደራስያን መካከል ቦርኼስ በ1941 ስለሚከፋፈሉ መንገዶች ጽፎ ነበር፤ ኮርታሳርም በ1963 በ«ራዩዌላ» ልብ ወለዱ ለአንባቢው ሌላ የምዕራፍ ቅደም ተከተል አሰናዳለት። በኮምፒውተር ግን ቀዳሚ ሆኖ የሚጠራው የማይክል ጆይስ «አፍተርኑን» ነው፤ በ1987 ተጽፎ በ1990 በዲስክ የታተመው ይህ ድርሰት 539 ክፍሎች ሲኖሩት፣ ተራኪው ያየው የመኪና አደጋ የልጁ ይሁን አይሁን አንባቢው በመረጠው ጎዳና እየዞረ ይፈልጋል።

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ጋር የመጻሕፍትን የአንድምታ ትርጓሜ ያነጻጽር ይሆናል፤ እኔ ግን አልስማማም፤ መምህሩ «አንድም» እያለ ፍቺውን ሲያወርድ፣ ደቀ መዝሙሩ አንዱን መርጦ ሌላውን አይተውምና፣ ሁሉን ይዞ ይወጣል እንጂ። የጆይስ አንባቢ ግን አንዱን በያዘ ቁጥር ሌላው ያመልጠዋል።

ከድጓው ጋር ያለው ዝምድና ይበልጥ የሚቀርበው በሌላ ነገር ነው። ጆይስ የትኛው ቃል ወደ የት እንደሚያሻግር በቀለም ወይም በመስመር አላመለከተም፤ አንባቢው እየነካ ይፈትናል። የድጓው ምልክት ደግሞ በግልጥ ተጽፎ ሳለ፣ የተጠራውን ዜማ ላልተማረ ሰው ከፊደልነት አያልፍም።